የማኅበሩ ልጆች

እ.ኤ.አ. በ1528 መጀመሪያ ላይ ሁለት መቶ ያህል ጎልማሶች ልጆቻቸውን አዝለውና አስከትለው ከኒኮልስቡርግ ከተማ ወጡ። ከተማዋ የምትገኘው ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ አካል በሆነችው ሞራቪያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰዎቹ አናባፕቲስቶች ነበሩ። ሰው የሚጠመቀው ነፍስ አውቆ፣ አምኖና ወድዶ ሲመርጥ ነው ይላሉ፤ በዚህም የተነሳ ከካቶሊኩም ከፕሮቴስታንቱም ወገን ሞት ይጠብቃቸው ነበር። ከኒኮልስቡርግ ወንድሞቻቸው የለያቸው ደግሞ የሰይፍ ጉዳይ ነው። ሰይፍ አንታጠቅም፣ ለጦርነትም ግብር አንከፍልም አሉ። መንገድ ላይ መሪዎቻቸው ካባ አነጠፉና እያንዳንዱ ያለውን ሁሉ እዚያ ላይ አኖረ። ከዚያ ቀን ወዲያ የእኔ የሚባል ንብረት ቀረ።

በኛ አገር የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘችበት የሜኖናይቶች ወገን ከዚሁ የአናባፕቲስት ግንድ የበቀለ ነው። ሜኖናይቶች ግን ቤታቸውንና እርሻቸውን በየግላቸው ይዘው ኖረዋል። ሁሉን የጋራ ያደረጉት እነዚህኞቹ ናቸው።

ዜና መዋዕላቸው ሁለት መቶ ሲል የቆጠረው አዋቂዎቹን ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከተለው ያልተቆጠሩትን ልጆች ነው፤ የዚህ ሕዝብ ታሪክ የሚፈታው በእነሱ በኩል ነውና። ሕፃን አይጠመቅም ያለ ማኅበር ከባድ ዕዳ በራሱ ላይ ይጭናል። ልጁ በመወለዱ ብቻ አባል አይሆንም፤ አባልነት በውርስ አይተላለፍም። አድጎ፣ በራሱ አንደበት «እኔም ከእናንተ ጋር እኖራለሁ» እስኪል ድረስ ሃያ ዓመት አለ። እነዚያን ሃያ ዓመታት ማን ያስተምረዋል? ከማን ጋር ይበላል? የማኅበሩ ዕድሜ በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

በ1533 ከቲሮል ተራሮች ያኮብ ሁተር የሚባል ባርኔጣ ሠሪ መጥቶ የተከፋፈለውን ጉባኤ ሰበሰበ፣ ሥርዓት አበጀለት። ሁተራይት የሚለው መጠሪያ የወጣው ከእሱ ስም ነው። መሪነቱ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በየካቲት 1536 ኢንስብሩክ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ማኅበሩ ግን አልተበተነም። የሞራቪያ መኳንንት በየርስታቸው ላይ አስፈሯቸው፤ የሚያስፈልጓቸው ባለሙያዎች ነበሩና። ሸክላቸው፣ ቢላቸው፣ ሰዓታቸው ገበያ ላይ ይፈለግ ነበር፤ ከመካከላቸው ጌዮርግ ሶብል የተባለ ሐኪም በ1581 ዳግማዊ ሩዶልፍ ንጉሠ ነገሥትን ለማከም ፕራግ ድረስ ተጠርቷል። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ቁጥራቸው ከሃያ ሺህ ይበልጥ እንደነበር ይገመታል።

ወርቃማ ዘመናችን የሚሉት ይህን ነው፤ ትምህርት ቤታቸው መልክ የያዘውም ያን ጊዜ ነው። ልጅ ጡት ጥሎ፣ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር፣ ሁለት ዓመት ገደማ ላይ እናቱ ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት ታመጣዋለች። የሚበላውም የሚተኛውም እዚያው ነው። አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ይሻገራል፤ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ጸሎት፣ የእጅ ሥራ ይማራል፤ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ሲደርስ ከአንድ ባለሙያ ሥር ይገባል። ያኔ የአውሮፓ ገበሬ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ነበር የሚያረጀው። በእነዚህ መንደሮች ግን ወንዱም ሴቷም ያነቡ ነበር፤ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ጎረቤቶች እንኳ ልጆቻቸውን ወደዚያ ይልኩ ነበር።

ከ1565 እስከ 1578 ማኅበሩን የመራው ፔተር ቫልፖት በ1568 መምህራኑን ሰብስቦ ስለ ልጆች አያያዝ ተናገረ፤ በ1578 ደግሞ የትምህርት ቤት ደንብ ወጣ። ደንቡን ያነበበ ሰው ጸሐፊዎቹ ከልጆች ጋር ውለው ያደሩ መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። አንዱ ድንጋጌ ስለ ጣት ነው። የሕፃናትን አፍ የምትመረምር ሞግዚት የቆሰለ አፍ ከነካች በኋላ እጇን በንጹሕ ውሃና ጨርቅ ሳታጠራ ጤነኛውን ሕፃን እንዳትነካ ያዝዛል። የታመመ ልጅ ይለያል፤ ዕቃውም አልጋውም ለብቻው ይሆናል። ጀርም የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ማለት ነው። ስለ ቅጣትም ይናገራል። በትር አለ፤ ነገር ግን በቁጣ የሚመታ እጅ የተከለከለ ነው፤ አዲስ ገብቶ የሚያለቅስ ልጅ ቀስ ተብሎ እንዲለማመድ እንጂ በግድ እንዳይሰበር ይመክራል።

ይህን ሁሉ እያደነቅሁም የሚከብደኝ ነገር አለ። የሁለት ዓመት ሕፃን ሌሊቱን ከእናቱ ርቆ ማደሩ ለእናቲቱም ለሕፃኑም ቀላል አልነበረም፤ ደንቡ ስለሚያለቅሱ ልጆች መናገሩ ራሱ ምስክር ነው። ወላጆቹ ይህን የተቀበሉት ልጁ ከሥጋ ዘመዱ በፊት የማኅበሩ ልጅ ነው ብለው ስላመኑ ነው። ዋጋውን አውቀው ነው የከፈሉት።

ወርቃማው ዘመን በጦርነት አለቀ። በ1605 ከሃንጋሪ በኩል የመጡ ወራሪዎች መንደሮቻቸውን አቃጠሉ፤ ብዙ ሴቶችና ልጆች ተማርከው ለባርነት ተነዱ። ሰሎሞን በገር የተባለ አባት ሚስቱንና ልጁን ፍለጋ እስከ ቁስጥንጥንያ ድረስ ተንከራተተ። በ1622 ደግሞ ካርዲናል ዲትሪሽታይን ከሞራቪያ ጠቅላላ እንዲወጡ አዘዘ። ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወጡ። ገሚሶቹ ዛሬ ስሎቫኪያ ወደምትባለው ምድር፣ ገሚሶቹ ወደ ትራንሲልቫኒያ ሄዱ። ድህነቱና ዝርፊያው በዝቶ፣ ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ሲል የጋራ ኑሮው ፈረሰ። የጋራው ማዕድ ሲታጠፍ የጋራው ትምህርት ቤትም አብሮ ተዳከመ።

በ1755 ከኦስትሪያዋ ካሪንቲያ በእምነታቸው የተጋዙ ሉተራውያን ትራንሲልቫኒያ ደረሱ። እዚያ ከቀሩት ጥቂት ሁተራይቶች ጋር ተገናኙ፤ የቆዩትን መጻሕፍት አነበቡ፤ የጋራውን ኑሮ እንደገና አቆሙ። ማኅበሩን ከሞት ያስነሱት ከውጭ የመጡ ስደተኞች መሆናቸው ያስገርመኛል። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩት ሁተራይቶች የሚነጋገሩበት ዘዬ በአብዛኛው የነዚያ የካሪንቲያ ሰዎች አነጋገር ነው። ነገር ግን ሰላም አላገኙም። ወላጆቹ ተባርረው ልጆቹ በካቶሊክ የሕፃናት ማሳደጊያ እንደሚገቡ ወሬ ደረሳቸው። ሌላውን መከራ ሁሉ ችለው የተቀመጡ ሰዎች ይህን አልቻሉም። በጥቅምት 1767 ስልሳ ሰባት ሰዎች በካርፓቲያን ተራሮች በኩል ወደ ዋላኪያ ተሻገሩ። ሕፃናቱን ተሸክመው ነበር የወጡት።

ከዋላኪያ የሩሲያና የቱርክ ጦርነት አፈናቀላቸው። በ1770 ካውንት ሩምያንትሴቭ ዩክሬን ውስጥ በቪሼንካ ርስቱ ላይ አሰፈራቸው፤ በ1802 ወደ ራዲቼቫ ተዛወሩ። እዚያ ጉዳት ያደረሰባቸው ንጉሥም ጦርም አልነበረም፤ ቤታቸው ከውስጥ ተናጋ። በ1819 የጋራው ንብረት ተከፋፈለ፣ ትምህርቱ ወደቀ፤ አያቶቹ መጽሐፍ የሚገለብጡ የነበሩበት ማኅበር ፊደል የማይቆጥር ትውልድ አፈራ። በ1842 ዮሐን ኮርኒስ የተባለ ኃያል ሜኖናይት ወደ ደቡብ፣ ወደ ሞሎችና አቅራቢያ እንዲዛወሩ ረዳቸው፤ ወጣቶቻቸውም በሜኖናይት ቤቶች ገብተው እርሻና ሥርዓት እንዲማሩ አደረገ። እርሻቸው ለማ። የጋራ ኑሮው ናፍቆት ግን አልለቀቃቸውም። በ1859 አንጥረኛው ሚካኤል ዋልድነር፣ በተከታዩ ዓመት ዳርዩስ ዋልተር የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ።

ሩሲያ ወጣቱን ሁሉ ለውትድርና ልትመለምል ማሰቧ በተሰማ ጊዜ እንደገና ጓዛቸውን ጠቀለሉ። ከ1874 እስከ 1879 ድረስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ያህሉ ውቅያኖስ ተሻግረው ዳኮታ ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ነብራስካ ውስጥ ሆነው መሬት እስኪገኝ ሲጠብቁ ተቅማጥ ገባባቸውና ብዙ ሕፃናት ሞቱ፤ አዲሱን አገር የጀመሩት መቃብር በመቆፈር ነው። ከመጡት መካከል የሚበዙት በየግላቸው እርሻ ይዘው ቀሩ። አራት መቶ ያህሉ ሦስት የጋራ መንደሮች መሠረቱ፤ ኮሎኒ ይሏቸዋል። የአንጥረኛው ሰዎች፣ የዳርዩስ ሰዎች፣ እንዲሁም መምህር የነበረው ያኮብ ዊፕፍ ስለመራቸው የመምህሩ ሰዎች ተባሉ። እስከ ዛሬ በሦስት ወገን የሚቆጠሩት ከዚህ የተነሳ ነው።

በዳኮታ ልጆቹ ሁለት ትምህርት ቤት ይማሩ ጀመር፤ የማኅበሩን የጀርመንኛ ትምህርት ቤትና መንግሥት የሚጠይቀውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት። ይህ አብሮ መኖር አንደኛው የዓለም ጦርነት እስኪመጣ ሰላማዊ ነበር። በ1918 የሳውዝ ዳኮታ የመከላከያ ምክር ቤት ጀርመንኛን ከትምህርት ቤትም ከአምልኮም አገደ። ልጁ ጸሎቱን የሚያውቅበት ቋንቋ በሕግ የጠላት ቋንቋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሦስት የሆፈር ወንድማማቾችና የመምህሩ ሞክሼ የሆነ ያኮብ ዊፕፍ የተባለ ወጣት የወታደር ልብስ አንለብስም ብለው በአልካትራዝ ታሰሩ፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ በሰንሰለት ተሰቅለው ቆዩ። ወደ ሊቨንወርዝ እስር ቤት ከተዛወሩ በኋላ ዮሴፍ ሆፈር ኅዳር 29፣ ሚካኤል ሆፈር ታኅሣሥ 2 ቀን ሞቱ። ጦርነቱ ካበቃ ሳምንታት አልፈው ነበር። የዮሴፍ ሚስት ሬሳውን ስታይ፣ በሕይወቱ አልለብስም ያለውን የወታደር ልብስ አልብሰውት አገኘችው። ቤቱ ልጆች ትቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ከቦን ኦም ኮሎኒ በቀር ሁሉም ወደ ካናዳ፣ ወደ ማኒቶባና አልበርታ ሜዳዎች ፈለሱ። እዚያም ቢሆን ጎረቤት ሁሉ እጁን ዘርግቶ አልተቀበላቸውም። አልበርታ በ1942 መሬት እንዳይሸጥላቸው ከለከለች፤ በ1947 ሕጉን አላልታ አዲስ ኮሎኒ ከነባሩ ቢያንስ 40 ማይል እንዲርቅ አዘዘች። ይህ ሕግ የተሻረው በ1973 ነው።

በነዚህ ሜዳዎች ላይ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ የአንድ ልጅ ቀን ምን ይመስል እንደነበር አጥኚዎች በቅርብ አይተው ጽፈዋል። ልጁ እስከ ሦስት ዓመቱ የቤት ልጅ ነው፤ ከሞራቪያው ዘመን በተለየ ሌሊቱን ከእናቱ አይለይም። እናቱ ወጥ ቤት ወይም አትክልት ቦታ ስትውል ታላላቅ ሴት ልጆች ይዘውት ይዞራሉ። ሦስት ሲሞላው ወደ ትንሹ ትምህርት ቤት ይገባል። አረጋውያን ሴቶች በተራ እየጠበቁት እጁን አጣጥፎ መጸለይ፣ ከሌላው ጋር መካፈል፣ መዝሙር በቃሉ መያዝ ይለምዳል፤ ከምሳ በኋላ ሁሉም በረድፍ ተጋድመው ይተኛሉ።

ስድስት ዓመት ላይ ሲደርስ የጀርመንኛው መምህር እጅ ይገባል። ይህ ሰው የሚመረጠው ከወንድሞች መካከል ነው፤ ከሚስቱ ጋር ሆኖ ልጆቹን ክፍል ውስጥም፣ ማዕድ ላይም፣ እርሻም ላይ ይቆጣጠራል። ደወል ሲደወል ልጆቹ ወደ ራሳቸው መመገቢያ ክፍል ይሰለፋሉ። ወንዶች በአንድ ገበታ፣ ሴቶች በሌላ፤ አቀማመጡ በዕድሜ ነው። ጸልየው ይበላሉ፣ ዝም ብለው ይበላሉ፣ ጸልየው ይነሳሉ። ወላጆቻቸው በሌላ ክፍል፣ እነሱም በዕድሜ ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ቁርስ እንዳበቃ የጀርመንኛ ትምህርት ይጀመራል፦ ጸሎት፣ መዝሙር፣ የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ፣ ጥንታዊው የጀርመን እጅ ጽሕፈት። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ በቃሉ ያጠናል፤ የኔታ ፊት ተቀምጦ ዳዊት የደገመ አንባቢ ያንን ጫጫታ ያውቀዋል።

ከዚያ የእንግሊዝኛዋ መምህርት ትመጣለች። ቀጣሪዋ መንግሥት፣ ሥርዓተ ትምህርቱም የመንግሥት ነው፤ ክፍሉ ግን በኮሎኒው ግቢ ውስጥ ነው፤ በብዙ ቦታ እሑድ ጉባኤው የሚሰበሰብበት ያው አዳራሽ ነው። ልጆቹ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሮችና ስለ ውቅያኖሶች ያነባሉ። ከሰዓት በኋላ እሷ ስትሄድ የጀርመንኛው መምህር ይመለሳል። ሦስት ቋንቋ አላቸው፤ በቤትና በጨዋታ የራሳቸው ዘዬ፣ በአምልኮ የመጽሐፍ ጀርመንኛ፣ ከውጭ ሰው ጋር እንግሊዝኛ። የስምንት ዓመት ልጅ አንዱን ከሌላው ሳያምታታ፣ ከማን ጋር በምን እንደሚናገር ያውቃል።

በጋ ሲገባ የጀርመንኛው መምህር አትክልተኛ ይሆናል። ልጆቹ ተከትለውት አረም ይነቅላሉ፣ ድንች ያወጣሉ፣ አተር ይፈለፍላሉ። ታላላቆቻቸውን ሁሉ አጎቴ፣ አክስቴ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ያጠፋውን ልጅም ማንኛውም አጎት መገሠጽ ይችላል። ጠፍር ነበረ፤ ቅጣቱ ግን አጭር ነው፣ ቂም አይያዝም፣ ያለፈው ጥፋት ዳግም አይነሳም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክልክል ነው። ቢሆንም ወንዶቹ ወጥመድ ዘርግተው የሚይዙት እንስሳ ቆዳ ትንሽ ሳንቲም ያስገኝላቸዋል፤ በዚያም ገንዘብ የተከለከለ ነገር ገዝቶ የሚደብቅ አይጠፋም። ማታ ከራት በፊት መላው ኮሎኒ ለጸሎት ይሰበሰባል። ልጆቹ ፊት ለፊት፣ ትንንሾቹ ከሁሉ ፊት ይቀመጣሉ። ሰባኪው የመዝሙሩን መሥመር ያነባል፣ ጉባኤው ተቀብሎ ይዘምራል። የሚነበበው ስብከት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጁ በማለዳው ስለተሰበከው ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማንቀላፋት አያዋጣውም።

አሥራ አምስተኛው ልደት ትልቁ ቀን ነው። በዚያ ቀን ልጁ ከልጆች ገበታ ተነስቶ ወደ አዋቂዎች መመገቢያ ይገባል፤ ከሁሉ ታናሽ ስለሆነ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ማኅበሩ የሚቆለፍ የእንጨት ሣጥን ይሰጠዋል፤ ምንም የግል ንብረት በሌለበት ቦታ፣ ቁልፉ በእጁ ያለ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ወንዱ መዶሻ፣ መጋዝ፣ አካፋ፣ ሴቷ መኮትኮቻ፣ የቀለም ብሩሽና የሹራብ መሥሪያ ይቀበላሉ። ከዚያ በኋላ እንደ አዋቂ ይሠራሉ፣ ግን ገና አልተጠመቁም። ጥምቀት ሃያ ዓመት አካባቢ በገዛ ፈቃድ የሚጠየቅ ነው፤ ሳይጠመቁ ማግባት አይፈቀድም። በዚህ መካከል ባሉት ዓመታት አንዳንዱ ወጣት፣ በተለይ ወንዱ፣ በሌሊት ሹልክ ብሎ ወደ ከተማ ይሄዳል። ብዙዎቹ ከወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይመለሱ ነበር። ማኅበሩ በራቸውን አይዘጋባቸውም፤ ምርጫው እውነተኛ እንዲሆን መሄድም መቻል አለበትና።

ጆሴፍ ኢተንና አልበርት ሜየር የተባሉ አጥኚዎች በ1950 ሲቆጥሯቸው 8,542 ሆነው ተገኙ፤ በ1880 የነበሩት 443 ብቻ ናቸው። አንዲት እናት በአማካይ ከአሥር በላይ ትወልድ ነበር። ስለዚህ ኮሎኒ 120፣ 150 ነፍስ ሲደርስ ይከፈላል። አዲስ መሬት ተገዝቶ፣ ቤትና በረት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቤተሰቦቹ በሁለት ዝርዝር ይጻፋሉ። በብዙ ኮሎኒ ሁሉም ዕቃውን አሥሮ ይጠብቃል፤ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ዕጣ ነው። ዕጣው በወጣ ማግስት መኪኖቹ ይነሳሉ፤ ከሦስት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ክፍል የተኙ፣ አንድ ገበታ የበሉ ልጆች በአንድ ጠዋት ይለያያሉ። ስለዚህ ሕዝብ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። ሆኖም ኮሎኒው ትንሽ ሆኖ መቆየቱ ነው እያንዳንዱን ልጅ የሚያውቀው መምህርና ቦታ የሚሰጠው።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ አንሷል፤ ዛሬ ከአምስት መቶ በላይ ኮሎኒዎች በካናዳና በአሜሪካ አሉ። ትራክተሩ በሳተላይት ይመራል፣ የወተት በረቱ በኮምፒውተር ይሠራል፤ ይህን የሚያንቀሳቅስ ወጣት ደግሞ ስምንተኛ ክፍል አይበቃውም። ማኒቶባ ውስጥ ብዙ ኮሎኒዎች ልጆቻቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ጀመሩ፤ በየኮሎኒው የማይገኘውን የፊዚክስና የሒሳብ መምህር በቪዲዮ መሥመር እየተጋሩ። በ1990ዎቹ የብራንደን ዩኒቨርሲቲ ለሁተራይት መምህራን የተለየ ፕሮግራም ከፈተ፤ ወጣቶቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደየኮሎኒያቸው ይመለሳሉ። በነዚህ ቦታዎች የእንግሊዝኛው መምህር የኮሎኒው ልጅ ነው፤ በቀትር ከተማሪዎቹ ወላጆች ጋር አንድ አዳራሽ ይበላል፣ ደመወዙም በጋራው ካዝና ይገባል።

አልበርታ ውስጥ ካሉት የመምህሩ ሰዎችና የዳርዩስ ሰዎች ብዙዎቹ ግን የእንግሊዝኛ መምህር ከውጭ መምጣቱን ይመርጣሉ። ልጁ የትኛው ዕውቀት ከዓለም እንደመጣ፣ የትኛው ከቤቱ እንደሆነ መምህሩን አይቶ እንዲለይ ይፈልጋሉ። በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ዓመታቸውም ትምህርቱን ጨርሰው ወደ ሥራ የሚገቡት በብዛት የእነሱ ልጆች ናቸው።